በቁሜ አይሆንም

«አፈር ስሆን፣ አንዴ እንኳ ቅመሽ» አሉ እትዬ በለጠች ሳህኑን ወደ ዘቢደር እየገፉ። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል ያልገባበት ሰውነት እንዴት ሆኖ ይቆማል?»

ሠልስት ነበር። የደባርቅ የጥቅምት ብርድ ፀሐይ ወጣም አልወጣም ከሰው ላይ ቶሎ አይወርድም፤ በእድሩ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበር። ጎረቤት ያመጣው እዝን ቀርቦ ተበልቷል፣ ንፍሮው ሁለት ጊዜ ዞሯል። የሟች ልጅ ሳህን ብቻ ወጡ ረግቶ ተቀምጧል። እትዬ በለጠች የሟች የየሺወርቅ ታናሽ እህት ናቸው፤ ከእህታቸው ለቅሶ ሰው ሳይበላ ከተነሣ ስማቸው የሚጠፋ ይመስላቸዋል።

«ይተዋት እስቲ» አለች ከጎን የተቀመጠች ጎረቤት። «እናቷን እንዴት እንደምትወድ እኮ ሁላችን በዓይናችን አየን። ወደ ቀብር ስንወጣ ኀዘኑ ጉልበቷን ሰብሮት ከመንገድ ላይ ወደቀች። እንዲህ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዘቢደር አንገቷን ደፋች። ምስጋናው ከብርዱ ይልቅ አሳቀቃት።

ያልበላችው በኀዘን አልነበረም። ኀዘንማ ሞልቷታል፤ እናት ነው የሞተባት። ያልበላችው ግን ሐኪም አትብዪ ስላላት ነው። ኅዳር አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ልታሳንስ ቀጠሮ አላት። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚታኘክ ነገር ወደ አፏ እንዳይገባ፣ ቀጭን ሾርባና ወተት ብቻ እንድትጠጣ በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷታል። ጉበቷ ላይ ያለው ስብ ካልቀለለ ሐኪሙ መሥሪያ ቦታ አያገኝም። ይህን የጀመረችው ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን፣ ዳባት ባለው የኪራይ ቤቷ፣ ለማንም ሳትናገር ነው። በማግስቱ ሌሊት እናቷ ሳትታመም፣ ሳታቃስት፣ እንደ ተኛች አረፈች።

የወደቀችውም በኀዘን አልነበረም። እንዲያውም አልወደቀችም። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ለሌላው ሰው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለመቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ግን ሌላ አገር ነው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ሽቅብ ሲገሰግሱ ዘቢደር በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተከተለች። ገና ከግማሽ ሳትደርስ ትንፋሿ አጠረ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ አለ፣ ከመንገዱ ዳር ካገኘችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ወደቀች ብለው ጮኹ፣ ፊቷን ውኃ አርከፈከፉት፣ በነጠላ አራገቧት። ኧረ አልወደቅሁም እንዳትል መናገሪያ ትንፋሽ አልነበራትም። ተነሥታ ስትደርስ ወንዶቹ አፈሩን በአካፋ ጀርባ እየደለደሉ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ የነበረቻት እናት ልጇ ሳታያት መሬት ገባች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቅሶ ቤት ሰው ለራሱ የሚበጀውን ታሪክ ይሠራል፤ ለዘቢደር የተሠራላት ታሪክ ደግሞ የሚያኮራ ነበር። ማፍረሱ አቃታት።

ዘቢደር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዳባት ላይ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ ከኋላዋ ራስ ዳሸን ይሏታል፤ ታውቃለች። ስለ ተራሮች የምታስተምርበት ቀን ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ አፉን በእጁ ይይዛል፣ እሷም ኮስተር ብላ የራስ ዳሸንን ከፍታ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ታልፋለች። በነሱ አትቀየምም። የምትቀየመው በጉልበቷ፣ በስኳሯና በእንቅልፏ ነው። ጎንደር ላይ የመረመራት ሐኪም ስትተኛ ትንፋሿ እንደሚቋረጥ ነግሯታል። አንድ ቀን ተቋርጦ ሊቀር ይችላል ነበር ያላት፣ ሳያለዝብ። ባሏ ከተለያት ወዲህ ባሉት ስምንት ዓመታት ያልሞከረችው የለም። በእግር መሄዱንም፣ እህል መቀነሱንም፣ ከገበያ የሚሸጠውን ሻይ ቅጠልም ሞክራለች። አሥር ኪሎ ስትቀንስ አሥራ አምስት ይጨመራል።

ከሚጨምሩት መካከል አንዷ እናቷ ነበረች። የሺወርቅ ራሷ አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ሴት ስትሆን ሰው ማወፈር ግን ትችልበታለች። ቅዳሜ ዘቢደር ከዳባት ስትመጣ ሚኒባሱ ሳይቆም ድስቱ ተጥዷል። ቅቤ ያልፈሰሰበት ነገር አይቀርብም። ጠገብሁ ማለት ስድብ ነው። እሁድ ስትመለስ ዳቦው በፌስታል፣ በሶው በቅል ተቋጥሮ ይከተላታል። «ወዝሽ ደስ ይለኛል» ትላት ነበር ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ያየሽ ሁሉ የማን ልጅ ናት ይላል።» ዘቢደር በዚህ ትስቅ ነበር። ሐኪሙ ያላትን ለእናቷ ለመንገር አፏን ከፍታ ስንቴ መልሳ እንደ ዘጋችው እሷ ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት ለማንም ሳትናገር ለቀዶ ሕክምናው ተመዝግባ ነበር፤ መንገድ ተዘጋና ቀረች። የሚሠራው ሐኪም ከውጭ አገር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ዘንድሮም ከቀረሽ ስምሽ ይሠረዛል ብለዋታል። ደግሞም የሚፈርምና የሚያስታምም የሥጋ ዘመድ ይዘሽ ነይ ስላሏት መናገሩ ግድ ሆነባት። ነሐሴ ላይ ደባርቅ መጥታ እናቷንና ወንድሟን ዘመነን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዘመነ ቡይት ራስ አጠገብ ያርሳል፣ በዚያው ባለው ብሔራዊ ፓርክም ጠባቂ ስካውት ነው፤ ጠብመንጃ ተሸክሞ ገደል ለገደል ሲሄድ የሚውል፣ እንደ እናቱ ቀጭን የሆነ ሰው ነው።

«ሆድሽን ምን ያደርጉታል?» አለች እናቷ።

«ጨጓራዬን ቆርጠው ያሳንሱታል፣ እማ። ከዚያ በኋላ ትንሽ በልቼ እጠግባለሁ።»

«የተቆረጠውንስ የት ያደርጉታል?»

«ይጣላል።»

የሺወርቅ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዘመነ በበኩሉ አንድ የሚያውቀው ሹፌር እንዲህ ተሠርቶ በሳጥን እንደ መጣ፣ ጤነኛ ሥጋ ቆርጦ መጣል እብደት እንደሆነ ብዙ ተናገረ። እናትየው እሱን የሰማችው አትመስልም። ተነሥታ ቆመች፣ ነጠላዋን አጠበቀች።

«በሚካኤል ገዝቼሻለሁ» አለች። «በቁሜ አይሆንም። እኔ ስሞት እንደ ፈቀደሽ ሁኝ።»

ወሬው በዚያው አለቀ። በዚያ አገር እናት በታቦት ከገዘተች መከራከር የለም። ዘቢደር ሁለት ወር ያህል ግዝቱን አክብራ ቆየች። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከሆስፒታሉ ተደውሎ ቀኑ ተነገራት። ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን ካሮትና ድንች ቀቅላ፣ አጥልላ፣ ውኃውን ጠጣች። በልቧ ከዳንሁ በኋላ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ ብላ ነበር። እናቷ እግሯን ይዛ ሄደች።

ስለዚህ በዚያ ድንኳን ውስጥ ዘቢደርን የሚበላት ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ግዝቱን ባፈረስሁ በማግስቱ እናቴ ሞተች የሚለው ነው። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ ምድር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ለልጆች የምታስረዳ ሴት ይህን ሐሳብ ከራሷ ማስወጣት አቃታት። ሁለተኛው ደግሞ የእናቷ የመጨረሻ ቃል ነበር። እኔ ስሞት እንደ ፈቀደሽ ሁኝ ብላታለች። ይኸው ሞተች። አሁን ብትሄድ ሞቷን እንደ ፈቃድ ወረቀት ይዛ መሄዷ ነው። ብትቀር ደግሞ ያ ዳገት ዕድሜ ልኳን ከፊቷ እንደ ቆመ ይቀራል፤ ዕድሜው ከረዘመ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጓዳ ሾርባዋን በጨርቅ ስታጠል ዘመነ ገባ። ለእንግዶች የሚሆን ብርጭቆ ፍለጋ ነበር የመጣው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ አልተቀመጠም፤ ወንበር ይሸከማል፣ ውኃ ያመላልሳል፣ እንግዳ ቆሞ ይቀበላል፣ ሳህን ያነሣል። ማጥለያውን አየ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን የሐኪም ወረቀት አየ፣ ነገሩ ገባው።

«የምትጾሚው ለእናታችን ነው ለቢላዋው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልትዋሸው ትችል ነበር። «ለቢላዋው» አለችው።

ብርጭቆዎቹን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በቀጥታ አላናገራትም። የሚፈልገውን በእትዬ በለጠች በኩል ያስነግራል፣ እሷ ካለችበት በኩል አይዞርም። አክስቷ አርጅተዋል፤ ከሱ ሌላ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚፈርምላትና የሚያስታምማት የሥጋ ዘመድ አልነበራትም።

በአምስተኛው ቀን እንግዳው ቀለል አለ። እትዬ በለጠች ዘቢደርን ብቻዋን አግኝተው ቡና ከቀዱላት በኋላ አጠገቧ ተቀመጡ። ቡናውን ጠጣች፣ ቁርሱን ገፋችው። አሮጊቷ በዚህ ጊዜ አልለመኗትም። ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ እንደ ሌላ ወሬ አድርገው ጀመሩ።

«እህት እንደ ነበረችሽ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። ስጦታ የምትባል፣ እሷ ሳትወለድ በሕፃንነቷ የሞተች እህት እንደ ነበረቻት ሰምታለች። በችጋሩ ጊዜ ነው ከማለት በቀር እናቷ ተናግራ አታውቅም፣ እሷም አልጠየቀችም።

«ሰባ ሰባት ነው» አሉ እትዬ በለጠች። «እህል ይሰጣል ብለውን ከበየዳ ወደ ደባርቅ ስንወርድ ስድስት ቀን ፈጀብን። ዘመነ ጡት ላይ ነው። ስጦታ አራት ዓመቷ ነው፣ በእግሯ ትሄዳለች። እናትሽ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻት አንዲት እፍኝ የገብስ ቆሎ ነበረች፣ ሌላ የለም። በአራተኛው ቀን ጡቷ ነጠፈ። ዘመነ ማልቀሱን ተወ። ሕፃን ማልቀሱን ሲተው ነው የሚያስፈራው። ቆሎዋን ለስጦታ ብትሰጣት እሱ ይሞታል። ለሱ እንዳትሰጠው ጥርስ የለው። ቁጭ አለችና ራሷ በላችው፣ ወተት እንዲወርዳት። እኔ አጠገቧ ነበርሁ። ስጦታ ከፊቷ ቁማ ታያት ነበር። ስጭኝ እንኳ አላለችም። ዝም ብላ ከእጇ ወደ አፏ፣ ከእጇ ወደ አፏ ታያለች። በሳልስቱ እዚያው መንገድ ላይ ቀበርናት።»

ዘቢደር ስኒውን መሬት አስቀመጠችው።

«ዘመነ ያውቃል?»

«እሱ ያውቃል። ሚስት ሲያገባ ነግራዋለች። ለአንች ግን እንዳንነግርሽ አስምላን ነበር። ልጄን እህል ያስጠላብኛል አለች።» እትዬ በለጠች ቁርሱን መልሰው ወደሷ አስጠጉት። «እንግዲህ ይህን አውቀሽ ብይላት።»

አልበላችም። አሁን ግን እናቷን አየቻት። በልጅነቷ እናቷ ስትበላ አይታት አታውቅም። ሁሉ ሰው በልቶ ከተነሣ በኋላ የሺወርቅ ትራፊውን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባና በሩን ከውስጥ ትዘጋ ነበር። ዘቢደር ይህን ጨዋነት ነው ብላ ነበር ያደገችው። ትልቅ ከሆነች በኋላም ለጓደኞቿ የድሮ ሴት እንዲህ ናት እያለች በኩራት ታወራው ነበር። እናቷ ልጅ እያያት እህል መዋጥ ያቃታት ሰው ነበረች፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ለዚች ሴት ነው ሄዳ የእህል መያዣዬን ቆርጠው ሊጥሉት ነው ያለቻት። ዘቢደር በዚያ ቀን ገና እውነተኛውን ለቅሶ አለቀሰች፤ ሴቶቹም ተሰብስበው አይዞሽ፣ እህል ስላልቀመስሽ ነው አሏት።

እትዬ በለጠች ታሪኩን የነገሯት እንድትበላ ነበር። እውነትም ለሁለት ቀን ያህል መሄዱን ትታው ነበር። የእናቷን አጥንት ከማሳዘን ዕድሜዋ ቢያጥር ይሻላል አለች። ሾርባዋን ግን አልተወችም፤ ለምን እንዳልተወች ራሷም አታውቅም።

በሰባተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሚካኤል ለጸሎት መጡ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ዘቢደር ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ዘንድ ይዛቸው ሄደች። ግዝቱንም፣ ሾርባውንም፣ ቀኑንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሟት። አልቸኮሉም፣ አልተቆጡም።

«ካልተሠራሽ ምን ትሆኛለሽ አሉሽ?»

«ስኳሩ ዓይኔን ወይ እግሬን ይወስደዋል፣ አባ። ትንፋሼም ሌሊት ይቋረጣል።»

«ከተሠራሽስ?»

«አብዛኛው ሰው ይድናል። ከብዙ ሰው መካከል አንድ ሁለት የሚሞት አለ። እሱን እፈራለሁ።»

«መፍራትሽ ደግ ነው» አሉ። «እናትሽ የሞተችው አንች ሾርባ ስለ ጠጣሽ ነው ብዬ ባስተምር ጳጳሱ ክህነቴን ይቀሙኝ ነበር። እሷ ቀኗ ደርሶ ነው። የገዘተችሽም ፈርታ ነው፤ እግዚአብሔር ሰው ፈርቶ በተናገረው አይዝም። ሳትፈች መጀመርሽ ግን ጥፋት ነው። ቀኖና አለብሽ።»

«ምን ላድርግ፣ አባ?»

«አርባ ስግደት።» ይህን ብለው ዓይናቸው ወደ ጉልበቷ ወረደ። መሳቅ የማያውቁት ሽማግሌ ጢማቸው ውስጥ የፈገግታ ነገር አለፈ። «አሁን አይደለም። ድነሽ ስትመለሽ ትሰግጃለሽ።»

መስቀላቸውን አወጡና ግንባሯን፣ ትከሻዋን ዳሰሷት፤ ይፍታሽ አሏት። ዘቢደር መስቀሉን ስትሳለም ትከሻዋ ላይ የነበረ አንድ ሸክም ወረደላት። ሁለተኛውም የወረደ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ሊሄዱ ሲሉ ዞረው፣ «ከግዝቱ ፈትቼሻለሁ» አሏት፣ «ከሰው አፍ ግን የምፈታበት መስቀል የለኝም። ከወንድምሽም ጋር ራስሽ ተነጋገሪ።»

ሁለት ቀን ዘገየች። ድንኳኑ ፈረሰ፣ የእድሩ ወንበርና ሳህን ተቆጥሮ ተመለሰ፣ የሩቅ ዘመድ ወደየአገሩ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ በለጠች ወደ ጎረቤት ሲወጡ ወንድምና እህት በባዶው ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ዘመነ ከእናቱ መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ዘቢደር ነገ ጠዋት ካልተነሣች ከጎንደር የሚነሣው አውሮፕላንም ቀጠሮውም ያልፋል።

«ነገ እሄዳለሁ» አለችው።

«አሥራ ሁለቷ ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እናቷ እስክትሞት ስትጠብቅ ነበር ይላል።»

«እኔም የምለው ያንኑ ነው» አለ ዘመነ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል።

ይህን ጠብቃ ነበር፤ ቢሆንም ከወንድሟ አፍ ሲወጣ አመማት። ከፊቱ ካለው በርጩማ ላይ እንዳትቀመጥ አይችላትም፣ ከመደቡ ከሌላው ጫፍ ተቀመጠች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የዋጠችውን አወጣችው።

«ያን ቀን በኀዘን አልወደቅሁም፣ ዘመነ። ከነጭራሹ አልወደቅሁም። ዳገቱ አቅቶኝ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ያወሩት ሁሉ ውሸት ነው፣ እኔም ዝም አልሁ። እናቴ ስትቀበር እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየር ስፈልግ ነበር። አንተ አይተሃታል። እኔ አላየኋትም።»

ዘመነ ዞሮ አያት። ይህን አያውቅም ነበር። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ስለነበር ከኋላ የሆነውን የሰማው ከሰው ነው፤ እህቴ ራሷን ሳተች ሲሉት አምኖ፣ እንዲያውም በልቡ ቀንቶባት ነበር። እሱ ራሱን ለመሳት ጊዜ አላገኘም።

«እንዴት አድርጋችሁ እንዳስገባችኋት ንገረኝ» አለችው።

«ሳጥን አልፈልግም ብላ አልነበር? በሰሌን ነው የገነዝናት። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ የተቀበልኋት እኔ ነኝ። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አደረግሁት።» እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ፣ ልክ አሁን የሚቀበላት ያህል። «ቀለለችኝ፣ ዘቢደር። ባዶ ስልቻ ያነሣሁ መሰለኝ። ዕድሜ ልኳን እኛን ስታበላ እሷ ምን በልታ ኖረች ብዬ አሰብሁ። አጠገቧ ትንሽ መቆየት ፈልጌ ነበር፤ ከላይ ውጣ፣ ውጣ አሉኝ።»

የተዘረጉትን እጆቹን አየና ሰበሰባቸው።

«እትዬ በለጠች የስጦታን ነገር ነግረውሻል አሉ።»

«ነግረውኛል።»

«እኔ የሷን እህል ጠብቼ ነው ያደግሁ። አንዷ እህቴ በረኀብ ሞታልኝ ነው ሰው የሆንሁት። አሁን ደግሞ ሌላዋ እህቴ እህል እንዳትበላ ሆዷን ሲቆርጡት ፈርም ትይኛለሽ። በየትኛው እጄ ነው የምፈርመው?»

ዘቢደር ሁለት ወር ሙሉ የወንድሟ እምቢታ የባላገር ግትርነት ይመስላት ነበር። ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ሳጥኑ ያወራው ሁሉ የዚህ መሸፈኛ እንደ ነበር አሁን አወቀች፤ የተቆጣችበትን ቀን ሁሉ ተጸጸተች።

«ስጦታ እህል አጥታ ሞተች» አለችው በዝግታ። «እኔ ከተውሁት እህል በዝቶብኝ ነው የምሞተው። የሷን ሞት በኔ ላይ አትድገመው። እናቴን አልበደልኋትም አልልም። ግን መኖር እፈልጋለሁ፣ ዘመነ። የእናቴን መቃብር በእግሬ ወጥቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ከሞትሽስ?»

«ከሞትሁማ ተሸካሚ ታበዛለህ።»

ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረና ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ዘመነ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቆሞ የተቀበለውን ለቅሶ ተቀምጦ አለቀሰ። ዘቢደር አላባበለችውም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በጋቢው ላይ የአጥንቱ ቅርጽ ይታይ ነበር፤ ጋቢውን ሲያነሣም ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተው አየች። መቼም ቀጭን ነው። እንዲህ ግን አልነበረም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አገሩ በሙሉ እሷን ብይ ሲል ነበር የሰነበተው። ሳህን የሚያመላልሰውን ሰው በላህ ወይ ያለው አልነበረም፤ እሷም አላለችውም።

«አንተ እህል የቀመስኸው መቼ ነው?» አለችው።

ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ከጓዳ እንጀራና የተረፈ ምስር አገኘች፤ ወጡን አሞቀች፣ ሳህኑን አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠች፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ አስታጠበችው። ዘመነ እንደ ታዘዘ ልጅ እጁን ታጠበ። አንድ ቆረሰ። ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ቀና ቢል እህቱ ባዶ እጇን ከመደቡ ከሌላው ጫፍ ተቀምጣ ታየዋለች። እጁ እዚያው ቆመ። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

ዘቢደር ለምን እንደ መለሰው ገባት። ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለማታ ያስቀመጠችውን ሾርባ በብርጭቆ ቀድታ መጣችና መደቡ ላይ ፊቷን ወደሱ አድርጋ ተቀመጠች።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አላት፣ ሳህኑን እያየ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አለችው።

ብርጭቆዋን አነሣችና ፉት አለች። ያን ጊዜ ዘመነ ጎረሰ። እሱ ሲጎርስ እሷ ፉት ስትል፣ እሷ ፉት ስትል እሱ ሲጎርስ፣ ሳህኑ እስኪጠረግ ድረስ ከመደቡ አልተነሡም።